ነርሷ ትበቃለች ወይስ አዲስ አበባ እንውሰደው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአእምሮ ጤና

በዚህ ወር ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። ሰው ታሟል፤ ወደ ማን ይወሰድ? ሳይካትሪስት፣ ሳይካትሪ ነርስ፣ ሳይኮሎጂስት፣ አማካሪ፣ አጥማቂ ሁሉም በየፊናው ሲጠራ ቤተሰብ መሃል ላይ ይዋልላል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊውን ማንነት የሚያሳውቀውን አውጥተን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ሌሊት አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል፣ ‹ጎረቤት እየመከረብኝ ነው› ይላል። እርሻውን ትቶታል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ አዲስ አበባ አማኑኤል እንውሰደው ተባብለናል። ደብረ ማርቆስ የሚያየው ነርስ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም የሚልም አለ። አንድ ጊዜ ተቸግረን ዋናው ቦታ ብናደርሰው አይሻልም ወይ?» ከቢቸና

መልስ፦ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ይውሰዱት። ያዋጣችሁትን ገንዘብም በአንድ ጉዞ አትጨርሱት፤ ለክትትሉ ይፈለጋል።

አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር «እዚያ ያልደረሰ አልታከመም» የሚለው እምነት እስካሁን አለ። ያኔ ከእውነት የራቀ አልነበረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ ስፔሻላይዝ ማድረግ የፈለገ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። አሁን ግን ደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል አለው፤ ባሕር ዳርም ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ።

በእነዚህ ክፍሎች የሚቀበሏችሁ ባለሙያዎች በሦስት መንገድ የመጡ ናቸው። ሳይካትሪስቱ የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። የአእምሮ ጤና ማስተርስ ያለው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ከነርስነት ወይም ከጤና መኮንንነት ተነስቶ በክሊኒካልና ማኅበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና 2 ዓመት የተማረ ነው፤ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ትምህርት ይሰጣሉ። ሳይካትሪ ነርሱ ደግሞ በዚሁ ሙያ በዲግሪ የተመረቀ፣ አለዚያም ነርስ ሆኖ ሳለ በአእምሮ ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ነው። ሦስቱም መርምረው መድኃኒት ያዝዛሉ። የሳይካትሪ ክፍሉን በር ስታንኳኩ የሚከፍትላችሁ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው፤ የወንድምዎን ዓይነት ሕመም ደግሞ በየቀኑ ያያሉ።

የጻፉት ምልክት ሳይኮሲስ ከሚባለው፣ ሰው የሌለ ነገር ከሚሰማበት ወይም ከእውነት የራቀ ነገር አጥብቆ ከሚያምንበት የሕመም ዓይነት ጋር ይመሳሰላል። ይህ ሕመም በአንድ ቀን ምርመራ አያልቅም። መድኃኒቱ በትንሹ ተጀምሮ ይጨመራል፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ይታያል፣ ካልተስማማ ይለወጣል፤ ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል። አዲስ አበባ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስታማሚ ሁለት ሰው፣ የአልጋ ኪራይ፣ ምግብ፣ መመለሻ ትራንስፖርት፤ መዋጮው በመጀመሪያው ጉዞ ያልቃል። የታዘዘው መድኃኒት ሲጨረስ ለሁለተኛው ጉዞ ጥሪት የለም፣ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ልጁ ያገረሽበታል፣ ዘመድም «አማኑኤልም አላዳነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከምናውቃቸው የሕክምና መክሸፎች ሁሉ ይህኛው የተለመደው ነው፤ ጥፋቱም የሐኪሙ ሳይሆን የርቀቱ ነው። በየወሩ የምታየው፣ ትናንት ያዘዘችውን ዛሬ የምታስተካክል ነርስ አንድ ጊዜ ብቻ ከታየ ስፔሻሊስት ትበልጥበታለች።

ስፔሻሊስት አያስፈልግም ማለታችን ግን አይደለም። ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች፣ እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን ለስድስት ሳምንት ያህል ተሞክረው ለውጥ ካልመጣ፣ ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ታማሚው ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ሳይንቀሳቀስ፣ ሳይናገር ደርቆ ቀርቶ መብላትና መጠጣት ካቆመ ወደ ላይ መላክ ግድ ነው። ያን ጊዜም ሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ካልወጣችሁ መድኑ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንላችሁ ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ገንዘብ ቤት መስኮት ላይ ሲደርስ ነው።

ለመጀመሪያው ቀን ከልጁ ጋር የሚኖር፣ አዋዋሉንና አዳሩን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ፤ ከተማ የሚኖር የተማረ ዘመድ ከእናቱ የተሻለ አይናገርም። መቼ እንደጀመረው፣ መጀመሪያ የተለወጠው እንቅልፉ ይሁን ጠባዩ፣ ጫት ወይም አረቄ ይወስድ እንደሆነ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወይም ጥሎት ያውቅ እንደሆነ፣ ከዘመድ እንዲህ የሆነ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከዚህ በፊት የወሰደው መድኃኒት ካለ ባዶ ማሸጊያውን ሳይቀር ያዙ። የደም ምርመራ ቢያዝላችሁ «ለጭንቅላት ደም ምን ያደርጋል» አትበሉ፤ አእምሮን የሚያውኩ የሰውነት ሕመሞች አሉ። ስለዚህም ነው በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ በድንገት የጀመረ መቃዠት ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ በተለይ ሰውየው ቆላ ወርዶ ከነበረ፣ ሳይካትሪ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል የሚኬደው። የጭንቅላት ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና።

አንድ ነገር ልናስጠነቅቅዎ እንወዳለን። ለሳይኮሲስ የሚሰጡ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች በተጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በወጣት ወንዶች ላይ በተለይ፣ አንገት ወደ አንድ ጎን ይጠማዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ «መንፈሱ ተቆጣ» ብሎ መድኃኒቱን የሚጥለው ያን ቀን ነው። የመድኃኒቱ ጠባይ እንጂ የሕመሙ መባስ አይደለም። የመድኃኒቱን ወረቀት ይዛችሁ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ብታደርሱት በመርፌ ቶሎ ይፈታል፤ ከዚያም ያዘዘው ባለሙያ መጠኑን ይቀንሳል ወይም መከላከያ ክኒን ይጨምርበታል። ክኒን መዋጥ እንቢ ካለ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚያቆይ መርፌ አለ፤ ይጠይቁ። አትሰሩት። እግር ብረትና ገመድ ቁስል ያመጣሉ፣ ልጁም ሊያክመው የመጣውን ሁሉ እንዲጠራጠር ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ «በቴሌግራም ‹ዶክተር› ነኝ የሚል ሰው ጭንቀትና ድብርትን በሰባት ቀን አድናለሁ እያለ መድኃኒት በፖስታ ይልካል። እውነተኛ ባለሙያ በምን ይለያል?» ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ በሰባት ቀን የሚድን ድብርት የለም፤ ለድብርት የሚታዘዝ መድኃኒት መሥራት የሚጀምረው እንኳ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ሰውየው ያለቀለት እዚያ ላይ ነው። የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል፤ ክሊኒክ ከሆነ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «ፈቃድዎን ማየት እችላለሁ?» ቢባል የሚቆጣ ባለሙያ አልገጠመንም። ስም ያልተጻፈበት ዱቄት ወይም ካፕሱል ከራሱ ኪስ የሚሸጥ፣ ሌሎች ታካሚዎችን በስም እየጠራ የሚፎክር፣ ሳይመረምር የሚያዝዝ ሰው ጋ አይቆዩ። «ላይፍ ኮች» እና የመድረክ አነቃቂዎችም ሕመም ለማከም የተማሩ አይደሉም። ለቢዝነስ ዕቅድ ይጥቀሙ ይሆናል፤ ሌሊት ድምፅ ለሚሰማ ሰው ግን አይጠቅሙም።

ጥያቄ፦ «መምህርት ነኝ። ከስድስት ወር ወዲህ ሥራ ያስጠላኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል። ሳይኮሎጂስት ጋ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። መድኃኒት አልሰጠኝም፣ ‹እንዲህ አድርጊ› አላለኝም፤ ይጠይቀኛል፣ ይጽፋል፣ በቃ። ገንዘቤን እየጣልኩ ነው?» ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህታችን፣ ገና ነዎት። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝዝም፤ ሙያው አይፈቅድለትም። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ከሆነ በሳይኮሎጂ ከተመረቀ በኋላ በማስተርስ ደረጃ ሕመምን መለየትና በንግግር ማከም ተምሯል። ካውንስሊንግ የተማረው ደግሞ በትዳር፣ በሐዘን፣ በሥራና በትምህርት ጭንቀት ላይ ያተኩራል። እንደ አገር ሽማግሌ ግራ ቀኙን ሰምቶ ፍርድ አይሰጥም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎችም ለመመርመሪያ ናቸው። በሦስተኛው ግን የሚከተሉትን ሊነግርዎ ይገባል፦ ችግሩን ምን ብሎ እንደተረዳው፣ በምን ዓይነት ዘዴ እንደሚሠራ፣ ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅና መሻሻሉን በምን እንደሚለካው። ካልነገረዎ ይጠይቁት። «እያየን እንሄዳለን» ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ያኔ ስለ ገንዘብዎ ቢያስቡ ልክ ነዎት።

ዘዴዎቹ ይለያያሉ። አንዳንዱ ባለሙያ የአሜሪካዊውን ሳይኮሎጂስት የካርል ሮጀርስን መንገድ ይከተላል፤ ሳይፈርድ ያዳምጣል፣ ያሉትን መልሶ ያጠራልዎታል፣ መውጫውን እርስዎ እንዲያገኙት ቦታ ይሰጣል። ውሳኔ አጠገብ ቆሞ ለሚያመነታ ሰው ጥሩ ነው። እንደ እርስዎ ላለ ለወራት ለቆየ ሕመም ግን ሥራ የሚያሠራ ዘዴ ብንመርጥ እንወዳለን። ከእነዚህ አንዱ በኢንተርፐርሰናል ስም የሚታወቀው ሲሆን፣ ሕመሙ የተነሳው ከሐዘን፣ ከጠብ፣ ከኑሮ ለውጥ ወይም ከብቸኝነት መሆኑን ለይቶ በዚያ ላይ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይሠራል። ሌላው ሲቢቲ የሚባለው፣ አሮን ቤክ የተባለ ሳይካትሪስት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው። ቀጠሮው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 50 ደቂቃ ያህል፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈጃል።

በሲቢቲ የቤት ሥራ አለ፤ ተራ ደብተር ይበቃል። ገጹን በአምስት ዓምድ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው የሆነውን ብቻ ይጽፋሉ፦ «ርእሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ ሳይሰላመኝ አለፈ።» በሁለተኛው ያኔ በአእምሮዎ ሽው ያለውን፦ «ሥራዬን ንቆታል፤ ሊያዛውረኝ ነው።» በሦስተኛው የተሰማዎትን ከመቶ፦ «ፍርሃት 80።» በአራተኛው ሐሳቡን የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ማስረጃ፦ «አልተሰላመኝም፤ ግን ስልክ እያወራ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት የ8ኛ ክፍልን ፈተና እኔ እንዳወጣ የሰጠኝ እሱ ነው።» በአምስተኛው ማስረጃው የሚፈቅደውን ሐሳብና አዲሱን ቁጥር፦ «ላያየኝም ይችላል። ፍርሃት 45።» ቁጥሩ ዜሮ አይሆንም፤ እንዲሆንም አይጠበቅም። ሰው የሚሳሳተው አራተኛውን ዓምድ ዘሎ በግድ ደስ የሚል ሐሳብ ሲጽፍ ነው። ያ ራስን መሸንገል ስለሆነ አይይዝም። ሌላው ስሕተት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ትቶ በቀጠሮው ዋዜማ ሁሉንም በአንዴ መሙላት ነው፤ ስሜቱ በተነሳ ሰዓት ያልተጻፈ ነገር ለሥራ አይሆንም።

ከዚህ ጋር የእንቅስቃሴ ዕቅድ ይሰጥዎታል። ድብርት «ደስ ሲለኝ እሄዳለሁ» ያሰኛል። ዕቅዱ ግን ደስታን አይጠብቅም፤ ማክሰኞ በ11 ሰዓት ጎረቤት ቡና መጠጣት ተብሎ ይጻፋል፣ ደስ ባይልም ይኬዳል፣ ሲመለሱ ምን ያህል እንደቀለለዎ ከ10 ይመዘገባል።

ለመለኪያ ደግሞ ባለ 9 ጥያቄውን ቅጽ፣ ፒኤችኪው 9 የሚሉትን፣ ከባለሙያው ይጠይቁ። በአማርኛ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ድምሩ ከ27 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ትኩረት ይፈልጋል፤ ከመነሻዎ 5 ነጥብ መውረድ እውነተኛ ለውጥ ነው። እስከ ስድስተኛው ቀጠሮ ድረስ ንቅንቅ ካላለ ዘዴው ይለወጥ ወይም መድኃኒት ይታከልበት እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩ። የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ፤ አንገትዎ ላይ እንቅርት ካለም የታይሮይድ ምርመራ። ሁለቱም ድካምንና ድብርትን ያስመስላሉ።

ሕመሙ የጀመረው ከተኩስ፣ ከዝርፊያ ወይም ከደረሰብዎ ጥቃት በኋላ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ ሕክምናው ይለያልና። በነገራችን ላይ፣ አደጋ በደረሰ ማግስት ሰውን ሰብስቦ «ያየኸውን ሁሉ ዘርዝር» ማለትን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም፤ አይጠቅምም፣ አንዳንዱንም ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚረዳው ውሃ፣ መኝታ፣ ከዘመድ መገናኘትና ማውራት ሲፈልግ የሚሰማው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ «እናቴ የሚጥል በሽታ ስላለባት በየማታው ፌኖባርቢታል ትወስዳለች። አሁን ግሽ ዓባይ ጠበል ልትጠመቅ ሱባኤ ልትገባ ነው። ‹ጠበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም› ያሏት ሰዎች አሉ። ምን ይሻላታል?» ከሰከላ

መልስ፦ ጠበሏን ትጠመቅ፤ ክኒኗንም ትዋጥ። ሁለቱን የሚያጣላ ነገር የለም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል፤ ለሚጥል በሽታም ያው ነው።

ፌኖባርቢታል በአንድ ጊዜ አይቆምም። ሰውነት ለምዶት ስለሚኖር በድንገት ሲታጣ መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ብሶ፣ ሳያቋርጥ ሊመጣ ይችላል። ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ሳትነቃ ደግሞ የጣላት እንደሆነ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒቱን መተው የሚታሰበው ሁለት ዓመት ያህል ሳይጥል ከቆየ በኋላ ነው፤ ያኔም ባለሙያ እያየ በወራት ውስጥ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ደግነቱ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ስለሚወሰድ ከጾም ጋር አይጋጭም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ውሃው ራሱ ነው። ብቻዋን አትጠመቅ፤ ጠበሉ ሲወርድ አንድ ሰው ክንዷን ይያዝ፣ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥም አትግባ። የሚጥለው ሰው ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ይሰጥማል።

ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ስለሚጠይቁን አንድ ሁለት ነገር እንጨምር። በባዶ ሆድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሊትር ጠበል መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳንሳል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገርና መንቀጥቀጥ ያመጣል። ካርባማዜፒን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ይህ የበለጠ ይፈጥናል። ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ደግሞ በተቃራኒው ውሃ ሳይጠጣ ሲውል፣ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያስመልሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ እጅ በኃይል መንቀጥቀጥና መንገዳገድ ከታየ ቀጣዩን ክኒን ሳይወስድ ሐኪም ይይ። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ሊቲየምን ያከማቻሉ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ጾም ከመያዙ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ቢያነጋግር ይሻላል፤ ለሕመምተኛ እንዳይጾም የሚሰጠው ፈቃድ ለዚህ ነው።

አጥማቂውን እንደ ባላንጣ አትዩት። ብዙ ሕመምተኛ በመጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው፤ የሚሰጠው ተስፋ፣ ሥርዓት ያለው ውሎና ከሰው ጋር መሆን ሕክምናችን ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ነገር ነው። ፊት ለፊት ቀርባችሁ «አባታችን፣ እናታችን ማታ ማታ የምትወስደው ክኒን አለ፤ እንዳታቋርጥ ያሳስቡልን» ብትሉት ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ሱባኤው ለሚፈጀው ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ከነትርፉ ተይዞ ይሂድ። መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት በዚህ ጊዜ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ በቤት መኖሩን ሁልጊዜም እንመክራለን፤ ክትትል የምታደርጉበት ክፍል ምክንያቱን ብትነግሩት የሁለት ወር ሊሰጣችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ አረቄ ሳይቀምስ አያድርም፤ ጠዋት ካልጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሊገባ ለደረሰው ጾም ‹ተውኩት› ብሎ ምሏል። ብቻውን ይችለዋል?» ከዳንግላ

መልስ፦ መሐላውን ይጠብቅ፣ ግን ብቻውን አይሁን። ጠዋት እጅ መንቀጥቀጡ ሰውነቱ በአረቄ ላይ መቆሙን ያሳያል። በድንገት ሲቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ የመጨረሻው ይገድላል። በፊት ሊተው ሲል ጥሎት የሚያውቅ ከሆነ ሆስፒታል ተኝቶ መጀመር አለበት።

ማከም የሚችለው ጠቅላላ ሐኪም፣ የጤና መኮንን ወይም የሳይካትሪ ክፍል ነው። ዲያዚፓም የተባለ ማረጋጊያ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ ይሰጠዋል፤ ቫይታሚን ቢ1 ይታከልለታል፣ በተለምዶ በቀን 100 ሚሊግራም ለ5 ቀን። የጠጪ ሰውነት ይህ ቫይታሚን ስለሚያልቅበት፣ ጉሉኮስ የሚሰጠው ከሆነ ቢ1 ቀድሞ መግባት አለበት፤ አለዚያ አንጎል ይጎዳል። ዲያዚፓም ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትስጡት፤ ከአረቄ ጋር ከተደረበ ትንፋሽ ያቆማል።

አምስቱ ቀን ካለፈ በኋላ የሚሠራው ባለሙያ ሌላ ነው። በአእምሮ ጤና ወይም በሳይኮሎጂ የሠለጠነ ሰው የማይቆጣ፣ የማይመክር የሚመስል አነጋገር ይጠቀማል፦ «አረቄው ምን ጠቀመህ? ምን አሳጣህ? ካልተውክ ከአምስት ዓመት በኋላ የት ትሆናለህ?» መልሱን ራሱ ሲናገረው ነው የሚይዘው። «አታፍርም?» የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ «ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ቤት ለቤት ስዞር ‹ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል› የሚሉ ሴቶች አገኛለሁ። ጤና ጣቢያ ሄደው ‹ምንም የለሽም› ተብለው ይመለሳሉ። እኔ የአእምሮ ባለሙያ አይደለሁም፤ ምን ላድርግ?» ከመራዊ

መልስ፦ ብዙ ይችላሉ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ ሳይካትሪስት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አሮጊቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያነጋግሩ አድርጓል፤ በጥናት ተፈትኖ ሠርቷል። ኡጋንዳ ገጠር ውስጥም በ30 መንደሮች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ የሁለት ሳምንት ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች በመሩት የ16 ሳምንት የቡድን ውይይት የድብርት ሕመምተኞች በግልጽ ተሽሏቸዋል። ሁለቱም ጋ የሠራው ነገር አንድ ነው፦ ያው ሰው፣ በቀጠሮው ቀን፣ እየተመላለሰ።

ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከዚህ ቀደም ደስ ይልዎት የነበረ ነገር አላስደስት ብሎዎታል? ሆድ የባሳቸው ወይም ተስፋ የቆረጡባቸው ቀናት ነበሩ? ለእያንዳንዱ «በጭራሽ» 0፣ «ጥቂት ቀን» 1፣ «ከግማሽ በላይ ቀን» 2፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» 3። ድምሩ 3ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይላኳት። ባል ወይም አማት አጠገብ እያሉ አይጠይቁ፤ እንስራ ስታጥብ ወይም ጓሮ ይዘዋት ይውጡ።

ከዚያ በቀስታ «ሞት በተሻለኝ ያሉበት ጊዜ አለ?» ይበሉ፤ አዎ ካለች «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ብለው ይቀጥሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ጭነቱን ያቀልላል እንጂ። አስባለች ከሆነ ብቻዋን አትደር፣ በዚያው ቀን ትወሰድ። የነቀዝና የአረም መድኃኒት ከቤቱ ይውጣ፤ ጎረቤት ቤት ተቆልፎበት ይቀመጥ። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት የታዘዘላት እንደሆነም በአንዴ የወር ከመስጠት የሳምንት እንዲሰጣት፣ ቤት ውስጥም ሌላ ሰው እንዲይዝላት ይንገሩ፤ በብዛት ሲወሰድ ልብን የሚያቆም መድኃኒት ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት «ኤምኤችጋፕ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው ፕሮግራም የሠለጠነ ነርስ ወይም የጤና መኮንን መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካለ በስሙ ይላኩለት። ሪፈሩ ላይ «ራስ ምታት» ብቻ ከጻፉ ማስታገሻ ይዛ ትመለሳለች። ይልቅ «ራስ ምታት፤ ከሁለት ወር ወዲህ እንቅልፍ ማጣት፤ የድብርት ጥያቄ 5 ከ6፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ የለም» ብለው ይጻፉ። በሳምንቱ ቤቷ ጎራ ብለው ካርዷ ላይ የተጻፈውን የቀጠሮ ቀን ይዩ፤ ካለፈባት ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያው ይደውሉና ሌላ ቀን ያስይዙላት።